ለትንፋሽ መለኪያው መስቀለኛ ጥያቄ

«ከአፍ የወጣ፣ አፋፍ» ይሉ ነበር ድሮ፤
የዘርጋው ትንፋሽ ግን በወረቀት ታስሮ
መጣልኝ ከነቁጥሩ፣ ከነማኅተሙ፣
«ዜሮ ነጥብ ሰባት» ተጽፎ ከስሙ፤
እንደ ሱቅ ደረሰኝ ጫፉ የታጠፈ፣
ፊደሉ በፀሐይ ገርጥቶ ያለፈ።

ሰኔ ነው። ከጣሪያው ማራገቢያው ቆሟል፤
መብራት ከሄደ ወዲህ ችሎቱ ያልበዋል።

ዐቃቤ ሕጉ አሉ፦ «ማሽን ዘመድ የለው፣
ጉቦ አይቀምስ፣ አይፈራ፣ ያየውን ነው ያለው።»
እውነት ነው። ዘመድ የለው።
ዕድሜ ግን አለው።

ተነሣሁ።

«ሳጅን ወልደሐና፣ ያን ዕለት ቀኑን
የት አውለውት ነበር ይህንን ዕቃዎን?»
«መኪና ውስጥ ነበር፣ ከመስታወቱ ሥር።»
«መስኮቱ ተዘግቶ?» «ተዘግቶ ነበር።»
«እንቁላል ይጠብሳል?» ሳጅን ፈገግ ይላል፤
«ድሬ አይደለም እንዴ? ድንጋዩም ይበስላል።»
ዳኛዋ በብዕር ጠረጴዛ መቱ።

«ከጠጣ አፍ ውስጥ ጠብታ ይቀራል ለጊዜው፤
ሩብ ሰዓት ጠብቁ ይላል መመሪያው።
ለምን አልጠበቁም?»
«ዝናብ ነው፤ ደንገጎ ጠቁሮ፣
ደቻቱ ይመጣል ተባለ፣ ሰው ተሸብሮ።»
«ሁለተኛ ትንፋሽስ? ለምን ያ ታለፈ?»

«ወረቀት አለቀ።»

«የተለጠፈው ቀን፣ የልኬቱ ማደሻ፣
ያንብቡልኝ እስኪ፣ ከታች፣ ከመጨረሻ።»
አነበበ። ዝም አልን።
ቀኑ ካለፈበት ዐሥራ አራት ወር ሆኖት፣
ሰውን ሁሉ ሲመዝን፣ እሱን መዛኝ ጠፍቶት።

ጭቃው ላይ እፍ ያለው፣ ያኔ ሲጀመር፣
አንዴ ነው የነፋው፣ ያለ አንዳች ቁጥር፤
ከዚያ ወዲህ ትንፋሽ የሰው ገንዘብ ሆነ፣
ሊወስደው የመጣ ወግ ይጠብቅ ዘንድ፣
እንዲህ ልል አስቤ በጽሑፍ ይዣለሁ፤
ለዳኛዋ አልበጀም። ለራሴ ብያለሁ።

ዘርጋው ነግሮኛል፣ ቢሮዬ ተቀምጦ፦
የአወዳዩን ቅጠል ቀኑን ሙሉ ቅሞ፣
መሽቶ፣ ከከዚራ፣ ምርቃናው ሲበዛ
ለጨብሲ ብቻ ሁለት ቢራ ገዛ።
«ሁለት ነው?» አልኩት። «ሁለት» አለ።
ጠበቃ ሦስተኛ ጊዜ አይጠይቅም።
መሣሪያው ደግሞ ቅጠሉን አያውቅም።

ከዚያ ረምላ ቀረበች፤ ግራ እጇ በጀሶ።
አሸዋ አጠገብ በለስ ትሸጥ ነበር
ኢሱዙው ጋሪዋን ሲገለብጠው።
ፍሬው አስፋልት ላይ ተንከባሎ ቀርቶ
ልጆች ነበሩ አሉ ሲያነሡት በሩጫ፤
እሷ ግን ቀና ብላ በጋቢናው መስኮት
ሾፌሩ «ይቅርታ» ሲል ሸቷታል በአፍንጫ።

«የመጠጥ ሽታ ነው» ስትል ተነሣሁኝ፤
«ቀምሰሽ ታውቂያለሽ ወይ?»
«አላህ ይጠብቀኝ!»
«ያልቀመሱትን ሽታ እንዴት ይለዩታል?»
(ይህን ጥያቄ ሌሊቱን ነው የሳልኩት፤
ስለቱ ደስ ብሎኝ በጣቴ የነካሁት።)

ሻሿን አስተካክላ አየችኝ ቀጥ ብላ፦
«ሸተተኝ ነው ያልኩት። ጠጣሁኝ አላልኩም።»

ችሎቱ ሳቀ። እኔም ሳቅሁ፣ አንገቴን ደፍቼ።
አፍንጫ ግን የለው የልኬት ተለጣፊ፣
መዝገቡ ለሷ ቃል ሁለት መስመር ሰጠው፣
ያውም በችኮላ፣ በደከመ ጸሐፊ።

ብይን፦ ሰነዱ ወደቀ። የስካሩ ክስ ተዘጋ።
ለጋሪው ሦስት ሺህ ብር፣ በቸልታ መንዳት።
ቃል በቃል ያልኩትን ነው ዳኛዋ ያነበቡት፤
አንዳች ስሕተት የለው። ደግሜ ብሟገት
ያንኑ እላለሁ። ያለፈበት ሚዛን
የማንንም ልጅ ወኅኒ አይስደድ።

ኮሪደሩ ላይ ረምላ ደረጃውን ስትወርድ
በደኅናው እጇ ግድግዳውን ይዛ፣
ዘርጋው ክንዱን ዘርግቶ መጣ፣ «ኑርልኝ!» እያለ።
ገና ከጧቱ አራት ሰዓት ነው።
አገጩ ትከሻዬ ላይ ሲያርፍ
ትንፋሼን ዋጥኩት።
ማወቅ አልፈለግሁም።